ፋይናይት ኤለመንት ወይስ ሞለኪውላር ዳይናሚክስ? የጥቃቅን ቆረጣ ሲሙሌሽን

ብረት በማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ወይም በናኖሜትር (የማይክሮን ሺህኛ) ውፍረት ሲቆረጥ በኮምፒውተር ሲሙሌት ለማድረግ የትኛው ዘዴ ይሻላል? ብረቱን በመረብ ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሰላው ፋይናይት ኤለመንት ወይስ የእያንዳንዱን አተም እንቅስቃሴ የሚከታተለው ሞለኪውላር ዳይናሚክስ?

ወጪ፦ ፋይናይት ኤለመንት በአንድ ደህና ኮምፒውተር ይሠራል። ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ግን አተም በአተም ነው የሚያሰላው። ጎኑ 20 ናኖሜትር የሆነ የመዳብ ኪዩብ ብቻውን 680 ሺህ ገደማ አተሞች አሉት።

ፍጥነት፦ ትልቁ ራስ ምታት እዚህ ጋ ነው። በሞለኪውላር ዳይናሚክስ አንዱ የስሌት እርምጃ 1 ፌምቶሰከንድ ገደማ ነው። 1 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ለመሙላት 1 ሚሊዮን እርምጃ ይፈልጋል። ስለቱ በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ በዚያ ሁሉ ልፋት የሚጓዘው 1 ናኖሜትር ብቻ ነው! ስለዚህ ብዙዎች ፍጥነቱን በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ያደርሱታል። ውጤቱን ስታነቡ ይህን አደራ አትርሱ። ሙቀቱም ኃይሉም ከእውነተኛው ማሽን ጋር በቀጥታ አይገጥምም።

ስጋት፦ ፋይናይት ኤለመንትም የራሱ ጣጣ አለው። የሚላጠው ብረት ሲጠቀለል መረቡ ይጣመማል፤ ስሌቱም መሃል ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። የብረቱን ጥንካሬ ለማስላት የተለመደው የጆንሰን-ኩክ ቀመር ደግሞ ብረቱን ወጥ አድርጎ ነው የሚያየው። የክሪስታል ድንበር፣ ማለትም ብረቱን የሠሩት ጥቃቅን ክሪስታሎች የሚገናኙበትን ቦታ፣ አያውቅም። ቆረጣው እየሳሳ ሲሄድ ይህ ጉድለት ይጎላል።

ለማን ይስማማል፦ ማይክሮ ሚሊንግ (በሚሽከረከር ጥቃቅን ስለት መቁረጥ) ላይ ኃይልና ሙቀት መገመት ከፈለጋችሁ፣ ያለ ጥርጥር ፋይናይት ኤለመንት። የስለቱን ጫፍ ክብነት ግን በሞዴሉ ውስጥ አስገቡ፤ ቆረጣው ከዚያ በጣም ሲሳሳ ብረቱ ከመቆረጥ ይልቅ ይደፈጠጣል። ሲሊከን ከአልማዝ ስለት ሥር የክሪስታል ቅርጹን እንዴት እንደሚያጣ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሞለኪውላር ዳይናሚክስን ያዙ።