አሮጌውን የቴአትር አዳራሽ ላተረፉልን አናጺ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን አሮጌ የቴአትር አዳራሽ አድሰን ለወጣቶች የጥበብ መድረክ ለማድረግ የተነሣን የበጎ አድራጎት ማኅበር አባላት፣ አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። ሰውዬው በዕድሜ የገፉ አናጺ ናቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ እዚህም እንደ ወትሮው ጋሼ እላቸዋለሁ።

እርሳቸውን ከማግኘታችን በፊት ያየነው ፍዳ ቀላል አልነበረም። አንዱ ሥራ ተቋራጭ ቀብድ ተቀብሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ ካስነሣ በኋላ ስልኩን ዘጋ፤ ክረምት ሊገባ ሲል አዳራሹ ሰማይ እያየ ቀረ። ሌላው ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ «አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት» አለን። አዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅርን ይዛ እስከ ዛሬ ስትዘልቅ እኛ ለአንዲት አዳራሽ እንዴት እንሰንፋለን ብለን እምቢ አልን። ገንዘቡ ከነዋሪው ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ መሆኑን፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረትም ማኅበራችን ገቢ ቢያገኝ ለዓላማው እንጂ ለአባላቱ ማከፋፈል እንደማይችል ስናስረዳ፣ «ታዲያ ምን ልትጠቀሙ?» ብሎ የሳቀብንም ነበር። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሼ ግን ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ጫማቸውን አውልቀው መድረኩ ላይ ወጡ። በመዶሻቸው እጀታ ሳንቃውን አንድ በአንድ እያንኳኩ ድምፁን አዳመጡ፤ ምስጥ የበላውን ብቻ በከሰል ምልክት አደረጉበት። ሁሉም አልቆለታል ስንባል ለከረምን ሰዎች፣ ምልክት ያረፈበት ከሲሶ የማይበልጥ ሆኖ መገኘቱ እውነት አልመስል አለን። «ይኼ እኮ ዋንዛ ነው፤ ዛሬ በዚህ ውፍረት ከየት ይገኛል? የታመመውን ብቻ ነው የምናወጣው» አሉን። አዲሱን ከአሮጌው እንዴት እንዳጋጠሙት ዛሬም አልገባኝም፤ መጋጠሚያውን በጣቴ ብዳስስ አጣሁት።

ቆርቆሮው ተገዝቶ እስኪመጣ ዝናቡ እንዳይቀድመን የራሳቸውን ሸራ አምጥተው መድረኩን ያለበሱትም እርሳቸው ናቸው። የሸራውን ኪራይ ብንጠይቃቸው «ልጆቹ ሲጫወቱ ከፊት አስቀምጡኝ» ከማለት በቀር ሳንቲም አልተቀበሉም። ትልልቅ ዝግጅቶችን በሙሉዓለም የባህል ማዕከል እናያለን፤ ጀማሪ ግን ተሳስቶ የሚታረምበት ትንሽ መድረክ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ያገኘነው ከእግዚአብሔር በታች በጋሼ እጅ ነው።

አሮጌ ቤት፣ በር ወይም ወለል ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከማፍረሳችሁ በፊት ለእርሳቸው አሳዩ። አድራሻቸውን በግል ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ወረፋ ያዙ።