ከ8 ወር በኋላ፦ «ለምን?» የምትለዋ ቁልፍ

ድሬዳዋ ውስጥ ጀሪካን የምናመርት አነስተኛ ፋብሪካ ነን። የምርት ፕሮግራም የሚያወጣውን ሶፍትዌር ከገዛን 8 ወር ሆነን። የትኛው ትዕዛዝ በየትኛው ማሽን መቼ እንደሚሠራ ይወስናል፣ ነገር ሲበላሽ እዚያው ያስተካክላል። መብራት ሲሄድ ወይ ጥሬ ዕቃ ሲዘገይ የተነካውን ሥራ ብቻ ያሸጋሽጋል እንጂ ሁሉን አያፈርስም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሻጩ አንድም ቀን ያላነሳት ትንሽ ቁልፍ ናት።

ከእያንዳንዱ ለውጥ አጠገብ «ለምን?» የምትል ቁልፍ አለች። ስትነካት ሶፍትዌሩ የትኞቹን ሕጎች ተከትሎ እንደወሰነ መስመር በመስመር ያሳይሃል። ለወራት ማንም ነክቷት አያውቅም።

ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ የድሬ ሙቀት አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ከጅግጅጋ አስቸኳይ ትዕዛዝ ገባ። ሶፍትዌሩ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ወዲያው ትልቁ ማሽን ላይ አስገባው። ጥቂት እንደተመረተ ዋናው ኦፕሬተራችን ማሽኑን አቆመ። ዕድሜውን ማሽን ላይ የጨረሰ ሰው ነው። «አቦ አንተ፣ ና እየው!» ብሎ ጠራኝ። (ድሬ ውስጥ አለቃም «አንተ» ነው።) ገና ትኩስ የሆነ ጀሪካን አንስቶ መሬት ላይ አቆመው። ተወዛወዘ። ቂጡ ወደ ውጭ አብጧል።

ያን ቀን ነው ቁልፏን የነካናት። ሦስት መስመር መጣ። ደንበኛው ዕቃውን የሚፈልገው ነገ ነው። ትልቁ ማሽን ክፍት ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር በ50 ሰከንድ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ጣቱን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳርፎ «ይሄ የሌሊት ነው» አለ። ቀትር ላይ ሞልዱን (ጀሪካኑ ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት) የሚያቀዘቅዘው ውሃ ራሱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ሳይጠና ይወጣል፣ ወፍራሙ ደግሞ ይብስበታል። እሱ ይህን ድሮ ያውቃል። ሶፍትዌሩ አያውቅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ሕጉን አስገባን። በሙቀት ወራት ባለ 20 ሊትሩ ለሌሊት ፈረቃ ይሁን፣ ሞልድ መቀየርና ጽዳት ቀትር ላይ ይደረግ። ከዚያ ወዲህ የሚወዛወዝ ጀሪካን ይዞብኝ የመጣ ደንበኛ የለም።

አሁን ሻጩን ባገኘው የምለው አለኝ። «ሁሉንም ያውቃል» ብለኸኝ ነበር፤ የሚያውቀው የነገርነውን ብቻ ነው። «አዲስ ነገር ነው» ብለኸኝም ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ ፎክስና ባልደረቦቹ የዌስቲንግሃውስን የተርባይን ክፍሎች ፋብሪካ ይዘው አይሲስ የሚባል ተመሳሳይ ሲስተም ሠርተዋል፤ ያኔም ትልቁ ጉዳይ ፋብሪካው የሚያከብራቸውን ገደቦች ማስገባት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 10 ትዕዛዝ ብቻ በአንድ ማሽን ላይ በ3,628,800 ዓይነት ተራ ሊደረደር ይችላል። መብራት ተመልሶ ሠራተኛ ቆሞ እየጠበቀህ ሁሉንም ልሞክር አትልም። የማይሆነውን ቶሎ የሚጥልልህ ሕጉ ነው፣ ሕጉ ያለው ደግሞ ኦፕሬተሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንተ ግን ባለቀለሙን ስክሪን ስታሳየኝ ዋልክ።

መግዛቴ አልጸጸተኝም። ኦፕሬተሩም ከነጭ ወደ ጥቁር እንጂ ከጥቁር ወደ ነጭ እንዳይኬድ የሚል ሕግ በራሱ ቃል አጽፏል፤ ቀለሙ ከማሽኑ እስኪጸዳ ስንት ጥሬ ዕቃ እንደሚባክን ያየ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ይስተካከልልን። የሕጉ ምክንያት የሚጻፈው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው፣ እኛም በአማርኛ ጽፈነዋል። ሌሊት ፈረቃ ላይ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚቀናቸው ልጆች አሉን። «ለምን?» ብለው ሲነኩ እነሱም በቋንቋቸው ያንብቡት።