ጊዮርጊስ አካባቢ ያለችው መጽሐፍ አከራይ ቤት እና ትራጄዲ ሚባለው ነገር

ባህርዳር ሆናችሁ መጽሐፍ ማንበብ እየፈለጋችሁ በዚህ ዋጋ መግዛት ያልቻላችሁ ሰዎች ይችን ቤት እወቋት ብዬ ነው ምጽፈው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ብዙም ሳትርቁ ወደ ሐይቁ ሚያስወጣ መንገድ ላይ ናት፣ ታፔላ የላትም፣ ከውጭ ስታይዋት ተራ የቆርቆሮ ሱቅ ናት፣ በሩ ላይ አሮጌ መጽሔቶች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ካያችሁ እሷ ናት። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው ምንላቸው።

እኔ ባጃጅ ነው ምሰራው፣ የዓባይ ማዶ መስመር። ተራ እስኪደርሰኝ ስልክ ከመጎርጎር ብዬ ነው መከራየት የጀመርኩት። ለሳምንት 30 ብር ነው፣ ማስያዣ 300 ብር ወይ መታወቂያ፣ ቀን ካሳለፋችሁ በቀን 5 ብር ቅጣት። መጽሐፎቹ ብዙ እጅ ያለፉ ናቸው፣ ሽፋናቸው በፕላስተር የተያዘ አለ፣ የዳር ገጽ ላይ ከናንተ በፊት ያነበበው ሰው በእርሳስ የጻፈው አለ፣ እኔ እንደውም እሱን ማንበብ ደስ ይለኛል። ችግሩን ልናገር፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈሳል፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ሻግተዋል፣ አንዴ የተከራየሁት ልብወለድ መጨረሻው 12 ገጽ ጎድሎት ተመልሼ ስነግራቸው ብሩን መለሱልኝ ግን ቀድሞ መታየት ነበረበት። የሚዘጉበት ሰዓትም አይታወቅም፣ ለቅሶ ካለ ዘግተው ይሄዳሉ። መብራት ከጠፋ ደሞ ውስጥ ምንም አይታይም፣ የስልክ መብራት ይዛችሁ ነው ምትመርጡት።

ግን ይሄን ሁሉ ምጽፈው ለኪራዩ አደለም፣ ለቅዳሜው ነው። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ የጋሼ ሚስት ቡና ያፈላሉ፣ ስኒው 15 ብር ነው፣ ውጭ በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ጋሼ አንድ መጽሐፍ አንስተው ያወራሉ፣ ሰው ይከራከራል። ከፖሊ ካምፓስ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፣ ነርስ አለች፣ አንድ ዲያቆን አለ። አምና ሰኔ ላይ ለአራት ቅዳሜ የተወራው ስለ ትራጄዲ ነበር፣ እኔን ይሄን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ጋሼ የጠየቁን ቃሉን የት ነው ምትሰሙት ብለው ነው። ሁላችንም ዜና ላይ አልን፣ መኪና ሲገለበጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ትራጄዲ ይባላል። እሳቸው ቃሉ የግሪክ ነው፣ ቃል በቃል የፍየል ዘፈን ማለት ነው፣ ለምን እንደዛ እንደተባለ እስከዛሬ ይከራከሩበታል አሉ። ትራጄዲ መጀመሪያ ተውኔት ነው፣ አቴናውያን በፀደይ በዓላቸው ደጅ አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር ሚያዩት፣ የከተማው ሰው በአንድነት፣ እንደኛ ለቅሶ ቤት ማለት ነው። ከዛ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተረጎሙ ኤዲፐስ የሚባለውን የድሮ የግሪክ ትራጄዲ ታሪክ ነገሩን። አባቱን ይገድላል እናቱን ያገባል ተብሎ ገና ሳይወለድ የተነገረበት ልጅ፣ ትንቢቱን ሸሽቶ አሳደጉኝ ካላቸው ወላጆቹ አገር ሲወጣ መንገድ ሦስት ቦታ ሚከፈልበት ጋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጣልቶ ይገድለዋል፣ አባቱ ኖሯል፣ ከዛም ሳያውቅ በአባቱ ከተማ ነግሦ እናቱን ያገባል። ዲያቆኑ ወዲያው ይሄማ የአርባ ቀን ዕድል ነው አለ፣ እኛ አገር ከልጅነታችን የሰማነው ነገር ስለሆነ ለማንም አልከበደውም።

ጋሼ ግን አይ አሉ። ዕድሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ቁጭ ብሎ አያየውም ነበር፣ ሚያስለቅሰው ኤዲፐስ የሸሸው ጥሩ ሰው ስለሆነ ነው፣ ከተማውን ከወረርሽኝ ለማዳን የድሮውን ንጉሥ ገዳይ ፈልጉ ያለው እሱ ነው፣ ቢቀር ይሻልሃል ሲሉት እውነቱን ካላወቅኩ ያለው እሱ ነው። ደስ ሊያሰኘው ካደገበት ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ነው ሳያውቀው ጉዱን ያወጣው። በዛ ቀን ማንም ክፉ ነገር አላሰበም'ኮ።

እዚህ ጋ እኔ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ በደንገል ታንኳ። በ2009 ጥር 21 እሁድ የእህቴ ሰርግ ነበር። ሰንጋውን በዱቤ ነው የወሰደው፣ አርብ እከፍላለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሐሙስ፣ ጥር 18፣ ሰባር ጊዮርጊስ፣ ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ኃይለኛ ነበር፣ ጎረቤት አትሂድ አለው፣ ባለሰንጋው ራሱ መጥቶ ይቆይ ከሰርጉ በኋላ ትሰጠኛለህ ብሎታል። አባቴ ግን በሕይወቱ ሰው ደጅ በዕዳ ቆሞ ማያውቅ ሰው ነው፣ ቃሌን አላጥፍም ብሎ ወጣ። በማግስቱ ነው ያገኙት። ዳሱ ለሰርግ ተጥሎ ነበር፣ አላፈረስነውም፣ ለቅሶውን እዛው ተቀመጥን። አክስቴ በሙሾዋ እንዲህ አለች፦

ቃሉ አልታጠፍ ብሎ ታንኳው ታጠፈበት፣
ለሰርግ በጣለው ዳስ ለቅሶ ተዋለበት።

በሰልስቱ ሰው ማውራት ጀመረ። በበዓል ቀን ሐይቅ ወርዶ ነው፣ ጊዮርጊስን ንቆ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ኃጢአት ነው፣ አንዷ ደሞ እህቴ እየሰማች ሙሽሪት ናት እግሯ ያልቀናው አለች። እህቴ ሰርጉ በዓመቱ ተደረገ እንጂ አልሳቀችበትም፣ እስከዛሬ ድረስ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች። እኔም ብሆን ለስንት ዓመት ሳስበው የነበረው ምን አጥፍቶ ነው እያልኩ ነው።

ይሄን እዛ ቅዳሜ ላይ ተናገርኩ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ልጄ አንድ ቃል ልንገርህ አሉኝ። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ባለታሪኩን ሚጥለው ክፋቱ አደለም፣ ሐማርቲያ ነው ብሏል። ሐማርቲያ ማለት መሳት ነው፣ ድሮ ጦር ወርውሮ ዒላማ ለሳተ ሰው ሚነገር ቃል ነው። በአማርኛም እኮ ዒላማ ሳተ እንላለን፣ ስህተትም ከዛው ነው ሚመጣው አሉኝ። ከአሪስጣጣሊስ በኋላ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ወንጌል በግሪክ ሲጻፍ ይሄው ቃል ለኃጢአት ሆነ። ስለዚህ ሰዎቹ የአባትህን መሳት ነው ኃጢአት ብለው የጠሩት።

ዲያቆኑ ይሄኔ ዝም አላለም፣ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀመዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠይቀው እሱም አልሠራ ወላጆቹም ነው የተባሉት አለ። የኢዮብ ወዳጆችም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሰባት ቀን ዝም ብለው ተቀምጠው ደህና ነበሩ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሹት አለ። እኔ ይሄን ለስንት ዓመት ቤተክርስቲያን እየሄድኩ እንዴት ሳላገናኘው ቀረሁ ብዬ ገረመኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ራሳችን መጣን። ፍቅር እስከ መቃብር ላይ ብዙ ቆየን፣ በ1958 የታተመ፣ ታሪኩም እዚሁ ጎጃም ነው። ብዙ ሰው የሁለት ልጆች የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ነው ሚያየው። ነርሷ ያለችው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፣ ነገሩ ሚጀምረው ከእናትየው ስለት ነው አለች፣ እናት ልጇ እንዲተርፍላት ብላ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፣ ከፍቅር የወጣ ቃል ነው በዛብህን ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው። ፊታውራሪ መሸሻም በራሳቸው ዓይን የልጃቸውን ክብር እየጠበቁ ነው፣ ለሰብለ ሚመጥን ባል ሲያማርጡ ልጅቱ ዕድሜዋ ሄደ። እኔ ስለ አባቴ ቃል እያሰብኩ ነበር ምሰማት።

ደሞ ይሄ ሐይቅ ራሱ አለ። ቀዳማዊ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ የተባሉት፣ ሚወዷት ቅምጥ ሞታባቸው ሐዘኑ ቢከብዳቸው ዙፋኑን ትተው ጣና ላይ አንዲት ደሴት ገቡ። እሳቸው እያዘኑ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፣ በ1699 ዓ.ም እዛው ሐይቁ ላይ አስገደላቸው፣ ሰው ርጉም ተክለ ሃይማኖት ያለው ለዚህ ነው፣ እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሰው እጅ ተገደለ። በየቀኑ ጀልባ ቱሪስት ጭኖ ሲወጣ እያየሁ ይሄን አላውቅም ነበር። ንጉሥ ስላዘነ ተገደለ ብላችሁ አስቡት።

አንድ ያልተስማማሁበት ነገር አለ። ጋሼ የድሮውን ሕግ ይወዱታል፣ የትራጄዲ ባለታሪክ ትልቅ ሰው መሆን አለበት፣ ከፍ ካለ ቦታ ካልወደቀ መውደቁ አይሰማም ይላሉ። አንዱ የፖሊ ልጅ አርተር ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ፀሐፌ ተውኔት በ1949 እ.ኤ.አ ተራ ሰውም እንደ ነገሥታቱ ለትራጄዲ ይበቃል፣ ዋናው ለክብሩ ሲል ሕይወቱን መስጠቱ ነው ብሎ ጽፏል ብሎ ተከራከራቸው። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። አባቴ ዙፋን አልነበረውም፣ የነበረው ቃሉ ነው፣ ያን ቀን ቢቀመጥ ኖሮ ማንም አይቀየመውም ነበር እሱ ራሱ ካልሆነ በቀር። ጋሼ አልተረቱም ግን ሐሳቡን ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ።

ሌላው ደሞ ታዲያ የሰው መከራ ማየት ምን ያደርጋል ሚለው ጥያቄ ነበር። አሪስጣጣሊስ ሐዘኔታና ፍርሃት ቀስቅሶ ያነጻል ብሏል፣ ካታርሲስ ይባላል፣ ማጠብ ነው ወይስ ማጥራት ነው በሚለው ምሁራኑ አልተስማሙም። ነርሷ ማጠብ ነው ትላለች፣ እኔ ግን ሲጠራልኝ ነው የታወቀኝ። ሐዘኑ አልቀነሰም፣ እኩል ነው ያለው። የሄደው ምን አጥፍቶ ነው ሚለው ጥያቄ ነው፣ ሐዘኑ ላይ እንደ እንቦጭ ተንጣልሎበት የነበረው። እንቦጩ ሲነሳ ውኃው እዛው ነው፣ ግን ይታያል።

እና ወደ ቤቷ ስመለስ፣ ምን ልትከራዩ ብትሉኝ የጸጋዬ ገብረመድኅን ሐምሌትና ኦቴሎ አሉ፣ ኦቴሎን አስቀድሙ፣ ቅጂው አንድ ብቻ ስለሆነ ተመዝግባችሁ ጠብቁ። ቴዎድሮስ ላይ የተጻፉ ተውኔቶችም አሉ፣ እነሱ ላይ ገና ቅዳሜ አልተያዘም፣ ቢያዝ ቀድሜ ነው ምገኘው። ቅዳሜ መምጣት ምትፈልጉ ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ በርጩማው 11 ብቻ ነው፣ ዝናብ ከመጣ ግን ሁሉም ውስጥ ይገባና ይጨናነቃል።

ፍቅር እስከ መቃብርን ለእህቴ ወስጄላት ነበር፣ የአክስቴን ሙሾና ያ ሐማርቲያ ያሉኝን ነገር በእርሳስ መጨረሻው ገጽ ላይ ጽፌ። ሦስት ወር ሆነው፣ አልመለሰችውም፣ ማታ ማታ ነው ማነበው፣ ገና በዛብህ ዲማ ነው ያለው ትለኛለች። ለጋሼ ሄጄ ስነግራቸው ቅጣቱን አልቆጠሩብኝም፣ ማስያዣዋን 300 ብር ግን ይዘዋታል፣ ሌላ ቅጂ ይገዙባታል።