ደብረ ብርሃን ላይ የልጆች ፊት የምትቀባው ልጅ ታዋጣለች ወይ?

ለልደት ሰው ጠርቶ የልጆች ፊት ማስቀባት ያዋጣል ወይ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ አዎ ያዋጣል። ግን እንደ ቀቢው ነው። እኔ የጠራኋት ልጅ ጠባሴ በኩል ቤቷ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሱቅ የላትም፣ ታፔላም የላትም። የሳሎኗን አንድ ጥግ ለሥራው ለይታለች፤ ልደት ስትጠራ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ቦርሳ አጭቃ በባጃጅ ከተፍ ትላለች።

እኔ ቅድሚያ ያየሁት ስዕሏን ሳይሆን ቀለሟን ነው። ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ አንድ የልጆች ዝግጅት ላይ የእህቴን ልጅ ቀብተዋት ጉንጯ ቀልቶ፣ ስታክ አደረች። ኋላ ሲጣራ ለወረቀትና ለእንጨት የሚሆን አክሪሊክ የሚባል ቀለም ነው። ዕቃው ላይ «መርዛማ አይደለም» ተብሎ ቢጻፍም ለቆዳ ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ይቺ ልጅ የምትጠቀመው በውሃ የሚርስ፣ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው፤ ስናዛሩ የሚባለውን የእንግሊዝ ቀለም ከነማሸጊያው አሳየችኝ። እዚህ ሱቅ ስላጣችው በሰው ነው የምታስመጣው። ብልጭልጩም ለፊት የሚሆነው ነው። ካርድ ላይ የሚነሰነሰው ተራ ብልጭልጭ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ዓይን ውስጥ ከገባ ይቧጭራል።

ከልደቱ ቀደም ብላ የልጄን ክንድ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀባችና «እስከ ነገ እዩት፣ ካሳከካት ደውሉልኝ፣ ቀብዱን እመልሳለሁ» አለች። ቀብድ እመልሳለሁ የሚል ባለሙያ መቼም ብርቅ ነው።

ሥራዋ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስፖንጅ አለው። የተነካው ወዲያው ለብቻ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ቤቷ ወስዳ አጥባ አድርቃ ነው መልሳ የምትጠቀምበት። ሁለት የውሃ ዕቃ ትይዛለች፣ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሌላው ንጹህ። አፉ ጥግ ላይ ምች የወጣበት አንድ ልጅ ተራው ሲደርስ ፊቱን አልቀባም ብላ እጁ ላይ ነብር ሠራችለት። እናቱ ተነጫነጨች፤ «ፀሐይ መትቶት ነው እንጂ በሽታ የለበትም» አለች። እኔ ግን ከቀቢዋ ጋር ነኝ። ምች ቫይረስ ነው፣ በብሩሽና በስፖንጅ ካንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከሦስት ዓመት በታች ያለውንም ፊቱን አትነካም፤ ቢያለቅስም ቢለመንም።

ሂናም ትሠራለች፣ ጥቁሩን ግን አልነካም ትላለች። ልክ ናት። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም የሚቀላቀልበት ሂና ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ የልጅ ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል።

ስዕሏስ? ቢራቢሮዋ በጣም ያምራል። ቀላሉን ቀለም በስፖንጅ ዘርግታ፣ ሌላውን ከጠርዝ ወደ መሃል አዋህዳ፣ መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ ጥቁሩን መስመር እጇ ሳይንቀጠቀጥ ስታወርደው ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው ትንፋሽ አይሰማም። አደይ አበባዋም ቆንጆ ነው። ስፓይደርማኗ ግን ድሩ ተጣሞ የዓሳ መረብ መስሏል፤ ልጁ መስታወት አይቶ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ የማማው። የቀኑ ጀግና ከመንዝ የመጣ የዘመድ ልጅ ነው። ሁሉም አንበሳ ሲል እሱ «ጭላዳ ካልሆንኩ» ብሎ ድርቅ አለ። እሷም ስዕል ፍለጋ ስልክ ሳትከፍት ጎፈሩን በቡናማ አወጣችለት፣ ከአንገቱ ዝቅ ብላ ደግሞ ያቺን ቀይ የደረት ምልክት ጨመረችለት። መንዝ ጓሳ ላይ ቢለቀቅ የጭላዳው መንጋ ይቀበለው ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። «የልጅ ፊት እንዲህ ይዥጎረጎራል?» ብላ ስትቆጣ ልጄ የአያቷን የአንገት ንቅሳት እያሳየች «እማዬ፣ ያንቺስ?» አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። አንደኛ፣ ቀዩና ሰማያዊው በአንድ እጥበት አይለቅም። ልጄ በነጋታው ትምህርት ቤት የሄደችው ጉንጯ ወየብ ብሎ ነው፣ ቀድማ ልትነግረን ይገባ ነበር። በደረቅ ሶፍት አትፈትጉ፣ በለብታ ውሃና በሕፃናት ሻምፑ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡ። ሌላው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ግቢ ውስጥ ሲቀቡ ነፋሱ ንፍጥ ያመጣል፣ ንፍጡ በእጅጌ ይጠረጋል፣ የነብሩ አፍንጫ አብሮ ይሄዳል። ጋቢ የደረበውማ ገና ሳይደርቅ ግማሽ ፊቱን ጋቢው ላይ አትሞት ነበር። ቤት ውስጥ አስቀቡ።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሒሳቧ ነው፣ እሱም ለራሷ ብዬ ነው። ጉንጭ ላይ ትንሽ ስዕል 100 ብር፣ ሙሉ ፊት 200 ብር ታስከፍላለች፣ በልጅ። ይሄ ለማንም አይሆንም። ጠሪው ስንት ልጅ እንደሚመጣ አያውቅም፤ እኛ አገር አንድ ልጅ ስትጠራ ከነታናሹ ነው የሚመጣው። እሷም ሦስት ልጅ ብቻ ከመጣ ከባጃጇ ብዙም አይተርፋትም። በሰዓት ብታስከፍል ሁለቱም ወገን ያርፋል። ሙሉ ፊት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ስለሚወስድ በሰዓት ከአሥራ ሁለት ልጅ በላይ አይሞከርም፤ ይሄንን ቀድማ ብትናገር ደግሞ ያ ሁሉ ወረፋና «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት» ለቅሶ ይቀርላታል። የምትሠራቸውን አሥር ስዕሎች በአንድ ወረቀት ለጥፋ ብታመጣ ልጆቹ ተራቸው እስኪደርስ ይመርጡ ነበር። አሁን ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው ሐሳብ የሚቀይሩት።

በልደት ብቻ መወሰኗም ይገርመኛል። ሰኔ ላይ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። ልጆቻችን ድሮም አበባና መልአክ በወረቀት እየሳሉ ቤት ለቤት የሚዞሩበት ቀን ነው፤ አደይ አበባ ጉንጫቸው ላይ ቢጨመር ማን ይጠላል?

ልትጠሯት ካሰባችሁ ቀብዱን በቴሌብር ትቀበላለች፣ ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም በሉ። ልጆቹን ደግሞ መጀመሪያ አብሉ፤ ከተቀቡ በኋላ ኬክ ከቀረበ የነብሩ ጢም አብሮ ይበላል።