ቡቺን ላተረፉልን የእንስሳት ሐኪም

ለገጣፎ አካባቢ የምትኖሩ፣ ትንንሽ ውሻ ያላችሁ ሁሉ እኚህን ሰው እወቋቸው።

ቡቺ ማልቲዝ የሚባል የትንሽ ውሻ ዝርያ ነው። 4 ኪሎ አይሞላም። እናቴ ከልጅ ለይታ አታየውም፤ ሳታጎርሰው አትበላም። ለፋሲካም ዶሮ ወጡ ደረሰው። አጥንት እንዳይወጋው ተጠንቅቀን ፍትፍቱን ብቻ ሰጠነው። በ4ኛው ቀን ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ከተኛበት አልነሳ አለ።

ጎረቤት ደውለውላቸው፣ ሐኪሙ በምሽት፣ መኪናቸውን አስፋልት ላይ አቁመው በጭቃው በእግር መጡ። ድዱን ገልጠው አዩት፤ ነጥቷል። «ሰሞኑን ምን በላ?» አሉ። እናቴ ስትነግራቸው አልተቆጡም። «እማማ፣ ዶሮው አይደለም የጎዳው፤ ቁሌቱ ነው» አሏት።

ለካ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ደርቆ ቢፈጭም ያው ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ከምግቡ ጋር አያይዞ የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የት አለ? ሽሮውም ምስሩም ያው ነው። ግቢ ለሚጠብቅ ትልቅ ውሻ ጥቂት የሆነው ጉርሻ ለቡቺ ብዙ ነው።

ግሉኮስ ሰቀሉለት፤ ደሙን አስመረመሩ፤ እስኪያገግም ተመላለሱ።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ከዳነ በኋላ ላደረጉት ነው። ማድ ቤት ገብተው ዱካ ላይ ተቀምጠው እናቴን አስረዷት። ዶሮው ቁሌት ውስጥ ሳይገባ የቡቺ ድርሻ ይነሳ። ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ይቀቀል፤ አጥንቱ ይውጣ፤ ትንሽ ሩዝና ካሮት ወይም ዱባ ይጨመርበት። ዘቢብና ቸኮሌት በፍጹም። የቤት ምግብ ብቻውን ግን ካልሲየም ስለሚያንሰው፣ ዋናው ምግቡ ለትንሽ ዝርያና ለዕድሜው የተዘጋጀ የተሟላ ደረቅ ምግብ ይሁን አሉ። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ እየተለካ። እኔ ከአንድ ሱቅ፣ ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ ነበር የምገዛው። አሸተቱትና ዘይቱ ተበላሽቷል አሉኝ። አሁን የታሸገውን፣ ቀኑን አይቼ እገዛለሁ።

እሳቸው ራሳቸው ምግብ አይሸጡም፤ ግዙልኝም አላሉንም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለገዳዲ ድረስም ይመጣሉ።