ማሞቂያው ደህና ነው፤ ያቃጠለኝ ሽቦው ነው

ብርዱ ከገባ ጀምሮ ወርክሾፓችን ውስጥ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል፣ ባለ ረጅም ቱቦ የጋዝ ኢንፍራሬድ ማሞቂያ እየተጠቀምን ነው። ስለ ሙቀቱ ብዙ የምለው የለኝም። አየሩን ሳይሆን ከሥሩ የቆመውን ሰው፣ ወለሉንና ጠረጴዛውን ነው የሚያሞቀው፤ ትልቁ በር ተከፍቶ ቢቆይ እንኳ ሠራተኛው እጁን ብብቱ ውስጥ አይከትም። በዚህ በኩል ሻጩ አልዋሸኝም። የዋሸኝ በሌላ ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የጋዝ ነው! መብራት የሚፈልገው ለስሙ ነው። ያገኙት ሶኬት ላይ ይሰኩታል፣ አለቀ!» ነበር ያለኝ። መብራት አይበላም ማለቱ ልክ ነው፤ ፋኑ፣ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ቦርድና የጋዝ ቫልቩ ተደምረው የሚወስዱት መቶ ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ግን ወንድሜ፣ ጋዙን የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ እሳቱ መያዙን የሚያረጋግጠውም ያ «ለስሙ» ያልከው ኤሌክትሪክ ነው። ትንሽ ስለሚበላ እንዴትም ይገጠም ማለት ከየት የመጣ ሒሳብ ነው?

ለወራት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፋኑ እንደ ወትሮው ዞረ፣ የብልጭታው ጠቅ ጠቅ ተሰማ፣ እሳቱም በመስኮቷ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ጥቂት ሰከንድ ነደደና ድርግም። እንደገና ሞከረ፣ ነደደ፣ ጠፋ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነና ቀይ መብራቱን እያርገበገበ በቃኝ አለ። ብሬከሩን አጥፍተን ብናበራውም ያንኑ ይደግማል።

የሻጩ ባለሙያዎች መጡ። መጀመሪያ የእሳት መለኪያዋን ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፤ አልሆነም። ዘንጓን ቀየሩ፤ አልሆነም። ቀጥለው ቦርዱን ቀየሩ፣ ያውም በእኔ ኪስ፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ «የጋዝ ግፊት ችግር ነው» ብለው መሰላላቸውን አጥፈው ሄዱ። እሳቱ ፊታቸው ላይ ጥርት ብሎ እየነደደ!

ችግሩን ያገኘው ከሌላ ቦታ የጠራነው ኤሌክትሪሺያን ነው። ቦርዱን ዞር ብሎም አላየው፤ በቀጥታ መልቲሜትሩን አወጣ። ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ (በፌዝ) እና በመላሹ (በኒውትራል) መካከል ለካ፤ 230 ቮልት አካባቢ፣ ደህና። ከዚያ አንዱን ጫፍ ፌዝ ላይ ትቶ ሌላውን የማሞቂያው ቀፎ ላይ፣ ቀለሙ የተፋቀበት ብሎን ራስ ላይ አሳረፈው። እዚህም 230 ሊያነብ ይገባ ነበር፤ ቁጥሩ ግን 110 ገደማ ላይ ይዋልላል። «ይሄ ቀፎ አየር ላይ ነው ያለው፤ ኧርዝ የለውም» አለ፤ ወደ መሬት የሚወስደው የደህንነት ሽቦ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ነው ረዳታችን ያለው ትዝ ያለን፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀፎውን ሲያጸዳ «ይነዝረኛል» ብሎ ነበር። ሻጩ ጋ ደውለን ስንጠይቅ ደግሞ «ስታቲክ ነው፣ አይዟችሁ» ተብለናል። ስታቲክ አንዴ ቆንጥጦ ይለቃል እንጂ እጅህን ባሳረፍክ ቁጥር እየነዘረ አይቆይም።

ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ተከትሎ ወጣ። ከሶኬቱ እስከ ጣሪያው የተሳበው ኬብል ለካ ባለ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ገጣሚዎቹ ለኧርዝ የሚሆን አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ከማሞቂያው አውጥተው፣ በማሰሪያ የጋዝ ቧንቧው ላይ ጠፍረውታል። እንዲያም ሆኖ ለወራት ሠርቷል፤ ምክንያቱም ከውጭው ታንከር ወደ ሕንፃው የሚመጣው የተቀበረ የብረት ቧንቧ ሳያስበው ኧርዝ ሆኖ ሲያገለግል ከርሟል። ቧንቧው ዝጎ የተቀበረው ክፍል በፕላስቲክ ሲቀየር ግን፣ ጋዙ መምጣቱን ቀጠለ፣ ኧርዙ ቀረ።

እሳቱ ለምን ይጠፋል ለሚል ሰው፦ ነበልባል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቦርዱ በዘንጓ በኩል ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ወደ እሳቱ ይልካል፤ ዘንጓ ቀጭን፣ የበርነሩ አካል ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላና ጥቂት ማይክሮአምፒር ቀጥተኛ ፍሰት ይሆናል። ቦርዱ «እሳት አለ» የሚለው ይህችን አይቶ ነው። የእኔው ዓይነት፣ በ230 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ቦርድ ላይ፣ ይህች ፍሰት ወደ ቦርዱ የምትመለሰው በቀፎውና በኧርዙ፣ ከዚያም ከኧርዝ ጋር በተያያዘው ኒውትራል በኩል ነው። ኧርዙ ከተቆረጠ እሳቱ እየነደደ ቦርዱ አያየውም፤ ጋዝ ያለ እሳት እየፈሰሰ መስሎት ቫልቩን ይዘጋል። ማለትም ዕቃው አልተበላሸም፤ ሥራውን ነበር የሚሠራው። እኔ ደግሞ ጤነኛ ቦርድ አስቀይሬያለሁ።

ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው ሲገጠሙም በእንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ላይ ያው ምልክት ይመጣል፤ ዝም ብሎ በሚገለበጥ ስፒና የሚሰካ ሰው ይህን ይወቅ። በትንንሽ ጄኔሬተር የምትሠሩም እንዲሁ፦ የብዙዎቹ ኒውትራል ከኧርዝ ጋር ስላልተያያዘ፣ በመስመር መብራት ደህና የሚሠራ ማሞቂያ በጄኔሬተር ሲሆን እየነደደ ይጠፋል። ማገናኘቱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ራሳችሁ አትነካኩት።

የእሳቱ መጥፋትስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ቀፎው ውስጥ አንድ ፌዝ ተላልጦ ብረት ቢነካ ኖሮ፣ ማሞቂያውም የጋዝ ቧንቧውም በአንድ ላይ 230 ቮልት ይሸከሙ ነበር፣ ብሬከሩም አይወድቅም። የጋዝ ቧንቧ ከዋናው ኧርዝ ጋር መታሰር አለበት፤ እሱ ራሱ ግን የማንም ዕቃ ኧርዝ አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሰው ጋዝ እንዲገጥም ማን ፈቀደለት?

እግረ መንገዱን ሌላም ጉድ ወጣ። የቴርሞስታቱ ኬብል ተራ ፒቪሲ ሆኖ ሳለ በርነሩ አጠገብ በአንጸባራቂው ቆርቆሮ ላይ ተጋድሟል። ተራ ፒቪሲ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፤ ቱቦው ደግሞ መነሻው ላይ ብዙ መቶ ዲግሪ ይደርሳል። ኤሌክትሪሺያኑ ኬብሉን በሁለት ጣቱ ቆልመም ሲያደርገው ልባሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈና መዳቡ ወጣ። በዚያ ላይ ያለ ምንም ትርፍ ተወጥሮ ነበር የታሰረው። 6 ሜትር የብረት ቱቦ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ይረዝማል፤ ማሞቂያው በሰንሰለት የሚንጠለጠለው፣ የጋዙም መጨረሻ ተጣጣፊ ቱቦ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተወጥሮ የታሰረ ኬብል በነደደ ቁጥር ይጎተታል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል፤ ሞርሴቶው (የሽቦ ማገናኛው) ውስጥ ያለው ብሎን እስኪፈታ ድረስ።

አሁን ሁሉም ተቀይሯል። ከመብራት ማከፋፈያው ሳጥን ለብቻው ብሬከር፣ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል፣ ኧርዙ በራሱ ሽቦ እስከ ዋናው የኧርዝ ባር። ስፒናው ተነስቶ ከማሞቂያው አጠገብ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ማጥፊያ ተገጥሟል። የመጨረሻው ክፍል 180 ዲግሪ በሚችል የሲሊኮን ሽቦ፣ ከቱቦው ርቆ በጎን በኩል፣ ላላ ብሎ ገብቷል። ያን ዕለት ሲበራ እሳቱ በመጀመሪያው ሙከራ ያዘ፤ እስካሁንም አላስቸገረም። የድሮው ቦርድ ተመልሶ ገብቷል፤ አዲሱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ትገዛዋለህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ሳልጨቃጨቅ እገዛዋለሁ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ስለምጽፍ ይሆናል፤ ያ ቀይ መብራት ሲርገበገብ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ አውርዳችሁ ውሰዱልኝ ነበር የምለው። አምራቹ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፦ መመሪያው ውስጥ ስለ ኧርዝና ስለ ፌዝ አቅጣጫ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፣ ያውም በደቃቅ ፊደል፣ ከዋስትናው ገጽ በፊት። እሳት አልያዘም ለማለትና እሳቱ ይነዳል ግን አላየሁትም ለማለት የሚርገበገበው ያው ቀይ መብራት ነው። ሁለቱን የሚለይ አንድ ተጨማሪ መብራት ቢኖረው ያ ሁሉ የመሰላል መውጣትና መውረድ አይኖርም ነበር። ለኋለኛው አዳራሽ ሁለተኛውን አዝዣለሁ። የሚገጥሙት ግን ያው ሻጮች አይደሉም፤ ሽቦው አስቀድሞ በእኛው ኤሌክትሪሺያን ተዘርግቶ፣ ተለክቶ ይጠብቃቸዋል።