እጅህን ቁርጥማት አይንካው! (ዲዛይን በእጅ መማር ለምትፈልጉ ጥቆማ)

ዕቃ ዲዛይን ማድረግ በእጃችሁ እየሠራችሁ መማር የምትፈልጉ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የማመሰግነው ሰው አለ።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ዝቅ ብላ ቡና ማፍላት ከብዷታል፤ ማፍላቱን ግን ለማንም አትለቅም። ስለዚህ ምድጃውንም ስኒውንም የሚይዝ ከፍ ያለ ረከቦት ልሠራላት ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የዲዛይን ኮርስ ተብሎ ብዙ ብር ከፈልኩ። ስላይድ ስናይ ከርመን፣ አንድ ነገር በእጃችን ሳንነካ፣ ሰርተፊኬት ሰጥተው ሸኙን። ቀጥሎ አንድ እንጨት ቤት ቀብድ ተቀበለኝ። ለማን ነው፣ እንዴት ነው የምትቀመጠው ብሎ የጠየቀኝ የለም። "ነገ ነይ፣ ነገ ነይ" ሲሉኝ ከርመው የሰጡኝ ዕቃ ይወላገዳል፣ ጀበና አይችልም። ብሬን ስጠይቅ ስልክ ማንሳት ተዉ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህን ልጅ ያገኘሁት በጓደኛዬ በኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ወርክሾፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራል። ስለ ረከቦቱ ሳወራው ስለ ብር አላነሳም፤ "የቴሌቪዥን ካርቶን ካለሽ ይዘሽ ነይ" አለኝ። በመቁረጫና በፕላስተር፣ በትክክለኛው ልክ፣ ራሴ እንድሠራው አደረገኝ። ፕሮቶታይፕ የሚሉት ይሄ ነው፤ ገንዘብ ሳይወጣ በፊት ሐሳቡን በርካሽ ነገር ሠርቶ መሞከር። ፓልም ፓይለት የተባለችው የእጅ ኮምፒውተር በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ ከመውጣቷ በፊት፣ ፈጣሪዋ ጄፍ ሀውኪንስ በልኳ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ እየዞረ የሚጽፍበት ያስመስል እንደነበር የነገረን እሱ ነው።

አንድ ቀን ግን መቼም አልረሳውም። እናቴን ይዣት ሄድኩ። ብድግ ብሎ ተቀበላት። "እማማ፣ እንደ ቤትዎ ይሁኑ" ብሎ ጀበናውን ውሃ ሞልቶ ሰጣት፣ ከዚያ ዝም ብሎ አያት። ልናገር ስል በእጁ ከለከለኝ። ጀበናውን ስታነሳ ትከሻዋ አብሮ እንደሚነሳ እኔ ልጇ አላየሁም፤ እሱ አየ። የስኒው ቦታ ልክ ነው፣ የምድጃው ግን ከፍ ብሎባታል። ካርቶኑን እዚያው ቆርጠን ዝቅ አደረግነው። እንደገና አነሳችና "አሁን እጄ አረፈ" አለች። ለእናቴ እንደዚያ የተጨነቀላት ሰው የትም አላጋጠመኝም።

ከዚያ በጣውላ ሠራነው፣ ምድጃው የሚያርፍበትን ላሜራ አለበስነው። ስለ መገጣጠሚያው ያስረዳኝ ነገር ሁሉ ገብቶኛል አልልም፤ ብቻ ንቅንቅ አይልም። እናቴ በየቀኑ ታፈላበታለች፣ ስሙም ጸሎቷ ውስጥ ገብቷል።

አርክቴክቸርም ሆነ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የምትማሩ፣ ወይ እንደ እኔ ለቤታችሁ አንድ ነገር መሥራት ያሰባችሁ፣ ሂዱ። የእውነት ሂዱ። ዕቃውን የሚጠቀምበትን ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጻፍኩም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህን ቁርጥማት አይንካው!